ከክዳን እስከ መሠረት፤ የከተማ ቤትን በገዛ እጅ ስለ ማደስ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በጉለሌም ሆነ በኮልፌ፣ በየካም ሆነ በአራዳ፣ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ወይም በብሎኬት የተገነባ አነስተኛ መኖሪያ ያለው ሰው፣ ቤቱ ማርጀት ሲጀምር አስቀድሞ ዓይኑን የሚይዘው የግድግዳው ቀለም መርገፍና የኮርኒሱ ማደፍ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ገንዘብ በእጁ በገባ ጊዜ ቀለም ገዝቶ ቀቢ ይጠራል፤ ይሁን እንጂ በመስከረም ያስቀባው ግድግዳ በሚመጣው ሐምሌ እንደ ገና ተልጦ ያገኘዋል። ይህም የሚሆነው የሕመሙን ምልክት እንጂ ሥርወ ሕመሙን ስላላከመ ነው።

የአብዛኛው የከተማ ቤት ጉዳት ጥንተ ምክንያቱ ውሃ ነው። ውሃ ከላይ በክዳኑ ቀዳዳ ይገባል፣ ከታች ከረጠበው መሬት ወደ ግድግዳው ይወጣል፣ በመካከልም ካረጀ ቧንቧ እየሰረገ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ጭቃውን ያላላል፣ ቀለሙን ያነሣል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ሥርዓት ውሃው ራሱ የሚከተለው መንገድ ይሆናል፤ ከክዳን ተነሥተን በአሸንዳ በኩል ወደ ግድግዳው እግር እንወርዳለን፣ ከዚያም በኋላ ወደ ግድግዳው፣ ወደ በሩና ወደ ቧንቧው እናልፋለን፤ ቀለም ግን የሁሉ ፍጻሜ ነው። ይህን ተራ የሚያፋልስ ሰው፣ ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ለመሥራት ይገደዳል።

ስለ ጊዜና ስለ መሣሪያ

ለእድሳት የሚስማማው ወራት ከመስቀል በኋላ የሚብተው በጋ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚሰነብት ጭቃውም ኖራውም ለመድረቅ በቂ ፀሐይ ያገኛል። የበልግ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት ሊደርስ እንደሚችል አስበው የውጭውን ሥራ ያስቀድሙ፣ የውስጡን ያቆዩ። ቤቱን መመርመር የሚገባው ግን በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ ሲወርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ፣ የትኛው ማዕዘን እንደሚያፈስ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚወረዛ፣ የትኛው በር እንደሚጣበቅ ይመዝግቡ፤ በደጅም ወጥተው ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ የት እንደሚወድቅና የት እንደሚያቁር ይመልከቱ። በበጋ ብቻ የሚመረምር ሰው ደረቁን ቤት አይቶ ጤነኛ ነው ብሎ ይፈርዳል።

መሣሪያን በተመለከተ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። መዶሻ፣ ጉጠት፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ መጋዝ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ስፓቱላ፣ የሽቦ ቡርሽ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክና ቱንቢ ለአንድ ቤት ይበቃሉ። ሥራው ሲፈጸም አጥቦና አድርቆ በአንድ ሣጥን መሰብሰብ የሥራው ክፍል መሆኑን ግን አይዘንጉ።

ስለ ክዳን

ቆርቆሮ በዝገት ከመበሳቱ አስቀድሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው በሚስማሩ ቀዳዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ እንደ መሆኗ፣ በበጋ የቀኑ ፀሐይና የሌሊቱ ብርድ እጅግ ይራራቃሉ፤ ቆርቆሮውም ቀን ግሎ ሲለጠጥ፣ ሌሊት ቀዝቅዞ ሲሰበሰብ፣ ሚስማሩ ከዓመት ወደ ዓመት ከማገሩ ውስጥ እየተነቀለ ይወጣል፣ ቀዳዳውም እየሰፋ ይሄዳል።

ቀዳዳውን ሲፈልጉ በኮርኒሱ ላይ የሚታየውን እድፍ ብቻ አይመኑ። በአንድ ቦታ የገባ ውሃ ማገሩን ወይም ወራጁን ይዞ ሁለትና ሦስት ሜትር ከተጓዘ በኋላ ሊንጠባጠብ ስለሚችል፣ እድፉና ቀዳዳው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የተሻለው ዘዴ ይህ ነው፤ ፀሐይ በደመቀችበት ቀትር አንድ ሰው በኮርኒሱ መግቢያ በኩል ወደ ላይ ይውጣና፣ የሚረግጠው በእንጨቱ ላይ ብቻ እንዲሆን ተጠንቅቆ፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱ ቀዳዳ የብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታየዋል። በየነጥቡ አንድ አንድ ስንደዶ ወደ ውጭ ያሾልክ፤ በጣራው ላይ ያለው ባልደረባው የስንደዶው ጫፍ ብቅ ባለበት ሁሉ በጠመኔ ያክብብበት። በዚህ መንገድ ለዓመታት ሲያስቸግር የኖረ ፍሳሽ በአንድ ቀትር ተለይቶ ሊታወቅ ይችላል።

ወደ ጣራ መውጣት በችኮላ የሚሆን ነገር አይደለም። መሰላሉ የሚደገፈው በ4 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ከታች አጥብቆ የሚይዝ ሰው ይኑር፤ ቆርቆሮው ጤዛ ወይም ዝናብ ካለበት ፈጽሞ አይውጡ፤ ከመንገድ ምሰሶ ወደ ቤትዎ የሚገባው የመብራት ሽቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድመው አይተው ከእርሱ ይራቁ። በጣራው ላይ ሲራመዱ የሚስማሩን መስመር ይከተሉ፤ ሚስማር ባለበት ሁሉ ከሥሩ ማገር አለና። ቆርቆሮው ካረጀ ደግሞ ሁለትና ሦስት ማገር የሚያያይዝ ጣውላ አንጥፈው በእርሱ ላይ ተንበርክከው ይሥሩ።

የላላውን ሚስማር በዚያው ቀዳዳ መልሶ መምታት ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ሥራ ነው። አሮጌውን በጉጠት ይንቀሉት፤ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክብ ቁራጭ ቆርጠው ከቀድሞው ረዘም ባለው አዲስ ሚስማር ላይ ከራሱ ሥር ይሰኩ፤ ጎማው ቆርቆሮውን እስኪነክስ ድረስ ብቻ ይምቱ። ከዚያ በላይ የመቱት እንደ ሆነ ጉብታው ይሰረጉድና በሚስማሩ ዙሪያ ውሃ ያቁራል። ሚስማር ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታም፤ ይህን ሕግ ባልጠበቀ አናጢ የተሠራ ክዳን ቆርቆሮው አዲስ ቢሆንም በመጀመሪያው ክረምት ያፈሳል።

ከዝገት የመጣውን ትንሽ ብስ በሽቦ ቡርሽ ጠርገው፣ ሬንጅ ቀብተው፣ የአቡጀዲ ቁራጭ ለጥፈው፣ በላዩ ዳግመኛ ሬንጅ ይቀቡ። ቀዳዳው ከመዳፍ የሚሰፋ ከሆነ ግን በተመሳሳይ ቆርቆሮ መጣፍ ይገባል፤ የመጣፊያው የላይኛው ጫፍ ከበላዩ ካለው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፣ የታችኛው ጫፍ ከበታቹ ባለው ላይ ይዋል፣ መደራረቡም ከ15 ሣንቲ ሜትር አይነስ። ከላይ ብቻ የተለጠፈ መጣፊያ ከበላዩ የሚመጣውን ውሃ በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አዲስ ቆርቆሮ ሲገዙ የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ያስታውሱ፤ ባለ 28 ጌጁ ከባለ 35 ጌጁ ይወፍራል። በዋጋው ርካሽነት ተስበው ለክዳን የሳሳውን ቢገዙ፣ ትርፉን ከጥቂት ክረምት በኋላ ለአናጢው መልሰው ይከፍሉታል።

ስለ አሸንዳና ስለ ግድግዳው እግር

በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ክዳኑ 50 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 1,000 ሊትር፣ ማለት በ200 ሊትር በርሜል አምስት በርሜል፣ ያወርዳል፤ በአዲስ አበባ የሚዘንበው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥም የዓመቱ ድምር ከ50,000 ሊትር ያልፋል። ይህ ሁሉ ውሃ አሸንዳ ከሌለ ወይም አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ከተደፈነ በግድግዳው ግርጌ ይወድቃል። የቤቱን ባለቤት ከማንኛውም ሥራ አስቀድሞ ሊያሳስበው የሚገባ ቁጥር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ግንቦት ከማለቁ በፊት አሸንዳውን በእጅዎ ጠርገው፣ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይኛው ጫፍ አፍስሰው፣ ውሃው ሳይቆም እስከ መውረጃው መድረሱን ይፈትኑ። የሚያቁርበት ቦታ ካለ ተሸካሚውን ብረት ያቅኑት፤ ለእያንዳንዱ 2 ሜትር 1 ሣንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። የመጋጠሚያው ቦታ ካፈሰሰ አድርቀው በሬንጅ ይድፈኑት። መውረጃው ውሃውን ከግድግዳው አርቆ ወደ ቦይ ይስደድ፤ ነገር ግን ወደ ጎረቤት ግቢ አይስደድ። በግድግዳ ተጣብቀው በሚኖሩ ሰዎች መካከል ስንት ዓመት የጸና ፍቅር በአንድ የአሸንዳ ውሃ ሲፈርስ ታይቷል፤ መውረጃውን ከማስተካከልዎ በፊት ከጎረቤትዎ ጋር በቦታው ቆሞ መነጋገር ይገባል።

ከዚህ በኋላ የግድግዳውን እግር ይመልከቱ። በደንብ የተሠራ የጭቃ ቤት ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቆማል፤ ዳሩ ግን ባለፉት ዓመታት ግቢው ሲጠረግ፣ አበባ ሲተከል፣ የመንገዱም አፈር ሲከመር፣ መሬቱ ከፍ እያለ ሄዶ ድንጋዩን ይሸፍንና ጭቃውን ይነካል። በዚያን ጊዜ ጭቃው የመሬቱን እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይፈልግም፤ አካፋና ዶማ ይዘው አፈሩን ድንጋዩ እንደ ገና እስኪገለጥ፣ ከጭቃው በታች 20 ሣንቲ ሜትር ያህል እስኪወርድ ድረስ ያንሡት፤ የቀረውን መሬት ከግድግዳው በሚርቀው በመጀመሪያው 1 ሜትር ውስጥ 5 ሣንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርገው ይደልድሉት። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ በሚያርፍበት መስመር ጠጠር ቢያነጥፉ ጭቃ አይፈናጠቅም። በግድግዳው ጥግ የተተከለውን አበባም፣ ምንም ቢወዱት፣ ወደ አጥሩ ያዛውሩት፤ እርሱን የሚያጠጡት ውሃ ለግድግዳው ይተርፋልና።

አፈሩን ባነሡ ጊዜ ዕድሉን ተጠቅመው የቋሚዎቹን እግር በካቻቪቴ ይውጉ። ጤነኛ እንጨት ካቻቪቴውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰ ግን እስከ አንድ ጣት ያስገባዋል። በእንጨቱ ላይ የሚወጣ የአፈር መስመር ካዩ ደግሞ ምስጥ መግባቱን ይወቁ። አንድ ቋሚ ብቻ ከሆነ አጠገቡ ሌላ ማቆም ይቻላል፤ ሁለትና ሦስት ከሆኑ ግን ቤቱን በድጋፍ ይዞ የሚሠራ ብልህ አናጢ ይጥሩ፣ በገዛ እጅዎ አይድፈሩ።

ስለ ግድግዳ

ብዙ ሰው የጭቃ ግድግዳውን በሲሚንቶ ማስለሰን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ እንጨቱም ከእርሱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶ ግን ደረቅና ግትር ስለ ሆነ ይህን እንቅስቃሴ መከተል አቅቶት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ ወደ ውጭ መተንፈሻ አጥቶ ከልስኑ በስተኋላ ቋሚውንና ማገሩን ያበሰብሳል። ግድግዳውን በጣትዎ ያንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ሁሉ ልስኑ ከጭቃው የተለያየበት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ አፍርሰው በጭቃ መመለስ ይሻላል።

ጭቃውን ለማዘጋጀት ከሥርና ከድንጋይ የጠራ የሚያጣብቅ አፈር ከምረው፣ መካከሉን ጎድጉደው፣ ውሃ ሞልተው፣ የጤፍ ጭድ እየነሰነሱ በእግር ያስረግጡ። በዚያው ቀን ለመለጠፍ አይቸኩሉ። ጭቃው በየዕለቱ ውሃ እየተጨመረበትና እየተገለበጠ ለጥቂት ቀናት ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ሽታው ይለወጣል፣ በእጅ ሲይዙትም ይሳባል፤ ያን ጊዜ ደርሷል። ያልቦካ ጭቃ የተለጠፈበት ግድግዳ ገና ሳይደርቅ ይተረተራል።

የፈረሰውን ቦታ እስከ ጠንካራው ድረስ ይፈልፍሉት፤ የላላውን ማገር በሽቦ ይሰሩት፤ ከዚያም ዙሪያውን በውሃ ያርሱ፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ጠጥቶ እንዳይያያዝ ያደርገዋልና። ጭቃውን በእፍኝዎ እያነሡ በኃይል ይወርውሩት፤ በማገሩ መካከል አልፎ የሚነክሰው ሲወረወር እንጂ ሲለሰን አይደለም። የመጀመሪያውን ምርጊት ከግድግዳው ፊት አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርገው ያቁሙና እስኪደርቅ ይተዉት። በላዩ ብዙ ስንጥቅ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ሁለተኛው ምርጊት የሚይዘው በዚያ ስንጥቅ ነው። ሁለተኛው በወንፊት ከተነፋ አፈር፣ ከደቀቀ ጭድና ከጥቂት እበት ይዘጋጃል፤ ከረጠበው ግድግዳ ላይ በስሱ ተለጥፎ በእርጥብ እጅ ይለሰልሳል።

ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ለልስን አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት ወይም ከአራት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚቦካው በአንድ ሰዓት ውስጥ ለስነው የሚጨርሱት ያህል ብቻ ይሁን። የጥቅምትና የኅዳር ነፋስ ልስኑን ፈጥኖ ስለሚያደርቀው፣ ቢያንስ 7 ቀን ጧትና ማታ ውሃ ያጠጡት፣ በፀሐይ በኩል ያለውንም በጆንያ ይሸፍኑት።

ስንጥቅን ከመድፈንዎ በፊት ግን ይጠይቁት። በአንዳንድ የከተማው ክፍል፣ በተለይ በቦሌ በኩል፣ መሬቱ ዋልካ ስለ ሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም ከእርሱ ጋር ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ፤ ስፋቱንም ይለኩ። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ካልረዘመና ካልሰፋ ጠርገው ይድፈኑት። ከሰፋ ወይም በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ ከወረደ ግን ነገሩ የመሠረት ነው፤ መሐንዲስ ይጠይቁ። ግድግዳ ማፍረስ ወይም ክፍል መጨመር ካሰቡም አስቀድመው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ይረዱ።

ስለ በር፣ ስለ ቧንቧና ስለ መብራት

በነሐሴ የተጣበቀውን የእንጨት በር በነሐሴ አይላጉት፤ በጥር ሲደርቅ ነፋስ የሚያስገባ ክፍተት ይሆንብዎታል። አስቀድመው ማጠፊያውን ያናውጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብሎኑ መላላት ነው። ብሎኑን ፈትተው፣ ኮላ የነካ የእንጨት ስንጥር በቀዳዳው ሞልተው፣ ሲደርቅ መልሰው ይሰሩት። አሁንም ከተጣበቀ የመቃኑን ጠርዝ ጠመኔ ቀብተው በሩን አንድ ጊዜ ዘግተው ይክፈቱ፤ ጠመኔው በበሩ ላይ የቀረበትን ቦታ ብቻ በበጋ በመላጊያ ያንሡት።

በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ያባክናል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ይዝጉ፤ ቧንቧውን ከፍተው በውስጡ የቀረውን ውሃ ያፍስሱ፤ ትንንሽ ብሎን ወደ ፍሳሹ እንዳይገባ ጨርቅ ያንጥፉ፤ እጀታውን አውልቀው ራሱን በቁልፍ ይፍቱ። ከጫፉ ላይ የምትገኘው ጎሚኒ መካከሏ ክብ ሆኖ ተቆርጦ ያገኟታል፤ ወደ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ፣ መጠኗ ይለያያልና። አዲሷን አስገብተው፣ ጥርሱን በቴፍሎን ጠምጥመው ይመልሱት፤ እጅግ አያጥብቁ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ አሸዋና ዝገት ይዞ ስለሚመጣና ጎሚኒውን የሚቆርጠውም እርሱ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ በግቢው ቧንቧ ያፍስሱት።

መብራትን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። በቤታችን ያለው ኃይል 220 ቮልት ነው፣ ሰው ለመግደል ይበቃል። አምፖል መለወጥና ብሬከር መዝጋት የእርስዎ ሥራ ነው፤ የረጠበ ግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ፣ የሚሞቅ ሶኬት፣ ደጋግሞ የሚወድቅ ብሬከር ግን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉ። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ መጠምጠም ቤት ያቃጥላል።

ስለ ቀለም

አሁን ክዳኑ አያፈስም፣ መሬቱ ውሃ አያቁርም፣ ግድግዳው ደርቋል። መድረቁን ለማረጋገጥ የመዳፍ ስፋት ያለው ላስቲክ በግድግዳው ላይ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፈው ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ከላስቲኩ በስተውስጥ ላብ ካለ ገና ነው፣ ይቆዩ።

የሚላጠውን አሮጌ ቀለም በስፓቱላ ያንሡ፤ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። አሮጌ የዘይት ቀለም የእርሳስ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል በውሃ አርሰው እንጂ በደረቁ አይፈግፍጉት፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት በዚያን ዕለት ከቤቱ ይራቁ፣ ልጣጩም ተጠርጎ ይወገድ። ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልተው፣ ሲደርቅ አለስልሰው፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ለጭቃ ግድግዳ የሚተነፍስ ስለ ሆነ ኖራ ወይም የውሃ ቀለም ይምረጡ፤ የዘይት ቀለምን ለበርና ለመስኮት ይተዉት። ሁልጊዜ ከኮርኒሱ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ የመጀመሪያው ቅብ ቀጠን ያለ ይሁን፤ ሁለተኛውን በማግሥቱ ይቀቡ።

ቡርሹን የውሃ ቀለም ከሆነ በውሃ፣ የዘይት ከሆነ በቲነር ወዲያው ይጠቡ። የተረፈውን ቀለም ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉና፣ የየትኛው ክፍል እንደ ሆነና በየትኛው ቀን እንደ ተገዛ በጣሳው ላይ ጽፈው፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ያስቀምጡት።